ጥፋቴን የወሰዱት መነጽር ሠሪ

ጋሼ ኢተፋ ማረፋቸውን የነገረችኝ የአክስቴ ልጅ ናት። ጠዋት ነበር፤ በምሠራበት ላብራቶሪ አንድ ማይክሮስኮፕ ፈትቼ ሌንሱን እየጠረግሁ ሳለ ከመቱ ደወለች። «ወይኒ፣ እኚያ ሰውዬ እኮ ሞቱ» አለችኝ። የትኛው ሰውዬ ብዬ ስጠይቃት ስማቸው ጠፋባትና ትንሽ አሰበች። «እንዴ፣ አውቶቡስ ሙሉ ሰው በመነጽር ሊያስጨርሱ የነበሩት፤ አንቺስ እሳቸው ጋ ሠርተሽ አልነበር?»

ሰው ዕድሜ ልኩን የከተማ ዓይን ሲያቃና ኖሮ ሲሞት የሚቀርለት ስም ይሄ ሆነ። ስልኩን ዘጋሁና ሌንሱን ሳልገጥመው ተነሳሁ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬው ወጣሁ። ያንን መነጽር የሠሩት እሳቸው አይደሉም። እኔ ነኝ የሠራሁት። ይህንን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለአንድም ሰው ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

እኔን የሚያውቅ ሰው ይሄን ቢሰማ አያምንም። አፌ አያርፍም፤ ወረፋ ላይ ከማላውቀው ሰው ጋር እጨቃጨቃለሁ፣ በሰው ወሬ እገባለሁ፣ አለቃዬን ሳይቀር አርማለሁ። ዝም ማለት የነበረብኝን ሁሉ ስለፈልፍ ኖሬ መናገር የነበረብኝን አንዷን ነገር ዋጥኳት። እዚህ የምጽፈው ስለ እሳቸው ነው፤ ግን ይህ ካልተባለ ስለ እሳቸው ምንም ማለት አይቻልም።

ከዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ተመርቄ፣ ለሁለተኛ ዲግሪም ኦፕቲክስ የሚባለውን የብርሃንና የሌንስ ትምህርት ተምሬ ወደ መቱ ስመለስ ሥራ አልነበረኝም። አባቴ ከወሎ በሰፈራ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ጎረቤት ምን እንደተማርኩ ሲጠይቀው «የብርሃን ትምህርት ነው» ይላል፤ «እና የመብራት ምሰሶ ላይ ልትወጣ ነው?» ይሉታል። ይስቃል እንጂ እንደሚቆጠቁጠው አውቃለሁ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ፊዚክስ የሚል ቃል ካገኘሁ መምህርነት ነው፤ እሱም እኔ ሳልደርስ ይሞላል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሁለት ክረምት አለፈ።

ጋሼ ኢተፋ ሱቅ የገባሁት የእናቴ መነጽር እጀታው ተሰብሮ ነው። ከገበያው ዝቅ ብሎ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ አጠገብ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምበት ጠባብ ክፍል ነበር። ቀጠን ያሉ፣ ከንፈራቸውን ገጠም የሚያደርጉ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ናቸው። ብሎኑን እያጠበቁ ምን እንደተማርኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፤ ትንሽም ኮራ ብዬ ሳይሆን አይቀርም። ከመሳቢያ አንድ ሌንስ አወጡና «ስንት ነው?» አሉኝ።

«መለኪያ ማሽኑ የታለ?» አልኳቸው።

ሌንሱን ተቀብለው ክንዳቸውን ዘረጉና በእሱ ውስጥ የመስኮቱን ዘንግ እያዩ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አንቀሳቀሱት። ዘንጉ እንዴት እንደሚሸሽ አይተው ቁጥሩን ነገሩኝ። አላመንኳቸውም። ማሽኑን ከጥግ አውጥተው አቀበሉኝ፤ ለካሁት፤ ያሉት ቁጥር ነው። ተናደድኩ። ስድስት ዓመት የተማርኩትን አንድ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የወደቀ ሰው በእጁ ሲሠራው ምን ልበል? «መብራት ሲጠፋ ማሽኑም ይጠፋል፣ እጄ ግን እዚሁ ነው» አሉና የእናቴን መነጽር ሰጡኝ። ከዚያ ሰኞ መጥቼ እንድጀምር ነገሩኝ፤ መጀመር ትፈልጊያለሽ ወይ ብለው እንኳ አልጠየቁኝም።

«ኢንተለኮ» ነበር የሚሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ሲቆጡ ግን ወደ አማርኛ ይመጡና «ተመራቂዋ» ይላሉ፤ ያን ጊዜ አንድ ነገር እንዳበላሸሁ አውቃለሁ።

አንድ ቅዳሜ ገና በጠዋቱ ሱቁን ዘጉና «ነይ፣ ሥራሽን ላሳይሽ» አሉኝ። መጀመሪያ የወሰዱኝ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ነው። ደም መርማሪው ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሷል። «ይሄ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?» ብለው ጠየቁት። «ማን ይጠግነዋል ጋሼ፣ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ይቀመጣላ» አለ ልጁ። ከዚያ ወጥተን አዲስ መንገድ የሚለኩ ሰዎች ባለ ሦስት እግር መሣሪያቸውን ተክለው አገኘን። «እዚያች ቱቦ ውስጥ ያለው መስታወት ቅንጣት ቢዛነፍ መንገዱ ውሃ ያቁራል» አሉ፤ ቀያሹን ለምነው በመሣሪያው አሳዩኝ። ታች ደግሞ ወጣቶች ቦይ ቆፍረው የስልክ ገመድ ይቀብራሉ። በገመዱ ውስጥ የሚሄደው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ብርሃን ነው አልኳቸው።

«ታዲያ ያንቺ አይደለም?»

ፎቶ ቤትም ገባን፣ ሻይ ቤት ስንቀመጥ እግሬ ዝሎ ነበር። «ሥራ የለም እያልሽ አታልቅሺብኝ። ሥራው ሞልቷል፤ በስምሽ የሚጠራው ሰው ነው የጠፋው» አሉ። እኔም መልስ አላጣሁም፤ «እሺ ጋሼ፣ ግን የሚቀጥረኝ የታለ?» አልኳቸው። ዳቦውን ቆርሰው ግማሹን ወደ እኔ ገፉት። «እሱስ እውነትሽን ነው» አሉና ሻያቸውን ጠጡ። በዚህ ነው የወደድኳቸው። ብዙ ሰው ምክር ሲያልቅበት ይጮሃል፤ እሳቸው አላውቅም ማለት ያውቁበታል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማስታወቂያ ሰሌዳ የሚያነቡት እሳቸው ሆኑ። አንድ ቀን እየሮጡ መጡ፤ ሮጠው አይቼያቸው አላውቅም። ከኪሳቸው የተጣጠፈ ወረቀት አወጡ። አንድ ዩኒቨርሲቲ ለኦፕቲክስ ላብራቶሪ ባለሙያ ይፈልጋል፤ አንድ ሰው ብቻ። ወረቀቱ ማዕዘኑ ላይ ሙጫ አለበት።

«ጋሼ፣ ገንጥለው ነው ያመጡት?»

«ሌላ ሰው እንዳያየው ብዬ» አሉ፤ ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ። «ምን ነካኝ? ገልብጪውና መልሰሽ ለጥፊው።» ገለበጥኩትና ሄጄ ለጠፍኩት። አመለከትኩ፣ ለቃለ መጠይቅም ተጠራሁ። ቀኑ ሐሙስ ነበር። አሁን የምነግራችሁ ነገር የተፈጠረው የዚያው ሳምንት ሰኞ ነው።

በፊት ግን ስለ አንድ ልማዳቸው ልንገራችሁ። ጋሼ ኢተፋ መነጽር ሠርተው በባንኮኒ ላይ አቀብለው አይሸኙም። ሱቁ ፊት ለፊት የጎርፍ ቦይ አለ፣ በላዩ ሳንቃ ተጋድሟል። ደንበኛው አዲሱን መነጽር ካደረገ በኋላ ሳንቃውን ተሻግሮ፣ መንገዱን አቋርጦ፣ ከማዶ ያለው ምሰሶ ድረስ ሄዶ መመለስ አለበት። ሹምም ይሁን ሽማግሌ ይሄዳታል። እሳቸው በር ላይ ቆመው የሚያዩት ፊቱን አይደለም፣ እግሩን ነው። ሳንቃው ላይ እግሩ ካመነታ፣ ወይም ሜዳው ላይ ደረጃ እንደሚወጣ ከፍ አድርጎ ከረገጠ መነጽሩን ይቀበሉትና እንደገና ይሠሩታል። «ሰው አፍሮ ጥሩ ነው ይልሻል። እግሩ ግን አያፍርም» ይሉኝ ነበር። ሰውየው ከሄደ በኋላ ወደ እኔ ዞረው «እግሩን አየሽው?» ይላሉ። እኔ ደግሞ በልቤ እስቃለሁ። ማሽን እያለ ሰው በጭቃ ማመላለስ ምንድን ነው እላለሁ።

ሰኞ በምሳ ሰዓት እሳቸው ቤታቸው ሄደው ብቻዬን ነበርኩ። ሰይድ ሾፌር ገባ። ከመቱ ዳሪሙ የሚሄደውን ቅጥቅጥ አውቶቡስ የሚነዳው ሰይድ ነው፤ መኪናው የሌላ ሰው ነው። ሐኪም ያዘዘለትን ወረቀት ቀደም ብሎ አምጥቶልን ነበር። ቀኝ ዓይኑ ክፉኛ ደክሟል፣ ግራው ግን ትንሽ ብቻ። ጋሼ ሥራውን ሙሉ በሙሉ ለእኔ ሰጥተውኝ ጨርሼዋለሁ። ሰይድ የበሩን መጋረጃ ስቦ መነጽሩን አደረገ፣ መስታወት ውስጥ አየ፣ ዓይኑን አርገበገበ።

«ትንሽ ያዞረኛል፣ እህቴ።»

«አዲስ መነጽር እንዲህ ነው ጋሽ ሰይድ፣ ይለመዳል» አልኩት። እንዲህ ነበር ያልኩት፤ በዚህ አፌ።

እስኪ እስከ ምሰሶው ሄደህ ተመለስ ስለው ደነገጠ። «በአላህ፣ መንገድ ላይ አታውጪኝ። ባለመኪናው መነጽር አድርጌ ካየኝ ነገውኑ ቁልፉን ይቀበለኛል። ዓይኑ የደከመ ሾፌር ማን ይቀጥራል? አምስት ልጅ አለኝ።» ከከተማ ሲወጣ ብቻ እንደሚያደርገው ነገረኝ። አሳዘነኝ። የጋሼም ልማድ ለእኔ ያው የሽማግሌ ጣጣ ስለነበረ «ተወው እንግዲህ» ብዬ ሸኘሁት።

ጋሼ ኢተፋ ስምንት ሰዓት ሊሞላ ሲል መጡ። ባዶውን የመነጽር ሣጥን አይተው «ሰይድ መጣ? ተሻገረ?» አሉኝ። ሰው እንዳያየው ፈርቶ ነው አልኩ። ምስማሩ ላይ የሰካሁትን የሥራ ወረቀት አንስተው አዩት። እኔ ሥራ ስጀምር መነጽሩን በወረቀት ላይ እሥለዋለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ እንዳስለመዱኝ፣ ከተመልካቹ ፊት ለፊት እንዳለ ዕቃ። በሥዕሉ በቀኝ በኩል «ቀኝ» ብዬ ጽፌ ወፍራሙን ሌንስ እዚያ ሰጥቼዋለሁ።

ጣታቸውን ጽሑፉ ላይ አሳረፉ። «ይሄ ቀኝ የማን ቀኝ ነው?»

ያኔ ገባኝ። የእኔ ቀኝ ነው። ከፊቴ ለቆመ ሰው ግን ግራው ነው። ለደካማው ዓይን ስስ፣ ለደህናው ዓይን ወፍራም ሌንስ ሰጥቼዋለሁ። «ተመራቂዋ» እስኪሉኝ ጠበቅሁ፤ አላሉኝም። «በስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?» ነው ያሉት። ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

ሱቁን ሳንዘጋ ወጣን። ባጃጅ ይዘን መናኸሪያ ስንደርስ የዳሪሙ መኪና ወጥቷል። ተራ አስከባሪው ወደ ሰይድ ደወለ፤ ስልኩ አይሠራም፣ መንገዱ ኔትወርክ የለውም። ባለ ባጃጁ ኮረኮንች መንገድ አልገባም ሲል ጋሼ በኦሮምኛ ምን እንዳሉት አልሰማሁም፣ ልጁ ግን ወዲያው ሞተሩን አስነሳ። መኪናው ከከተማ መውጫ ላይ ሰው ስለሚጭን እንደርስበታለን ብዬ ነበር። ስንደርስ የለም። ጭቃው ላይ አዲስ የጎማ ዱካ ብቻ አለ። ባጃጁ እየዘለለ ሄደ። እኔ በየመታጠፊያው ገደሉን ነው የማየው፤ ሰው የሌለበት ገደል ባየሁ ቁጥር እተነፍሳለሁ። ጋሼ ኢተፋ የብረቱን ዘንግ ይዘው ፊት ለፊት ብቻ ያያሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከአንዲት ትንሽ ድልድይ ላይ አገኘነው። የቀኝ የፊት ጎማው የድልድዩን ጠርዝ ድንጋይ ገፍቶ ጥሎ ግማሹ አየር ላይ ቆሟል። ታች ወንዙ ክረምት ሊገባ ሲል እንደሚሆነው ሞልቶ ይሄዳል። ሰዎቹ በኋላ በር ወርደው መንገዱ ላይ ናቸው። አንድ ሰው ግንባሩ ተፍቆ ደም በነጠላው ይጠርጋል፤ ሌላ የተጎዳ አልነበረም። አንዲት ሴት ሕፃኗን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ቆማለች፤ ሕፃኑ ዝም ብሏል፣ የምትንቀጠቀጠው እሷ ናት። ጋሼን ተከትዬ ከባጃጁ ወረድኩ።

ሰይድ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። መነጽሩ በእጁ ነው። ሕዝቡ ከቦታል። «ጠጥቶ ነው» ይላል አንዱ። «የምን መጠጥ፣ ዓይኑ አያይም፤ ድልድዩን አላየውም እኮ» ይላል ሌላው። አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ «አንተ ሰውዬ፣ የምታየው ስንት ነው? ስንት ዓመት ነው እንዲህ ስትነዳን የኖርከው?» ብለው ጠየቁት። ሰይድ ቀና ብሎ አየን። ያን ዓይን አልረሳውም። ከአፋችን በሚወጣው አንድ ቃል የልጆቹ እንጀራ እንደሚቆረጥ ያውቃል።

ጋሼ ኢተፋ ሰዉን ሰንጥቀው ገቡ። መነጽሩን ከእጁ ወሰዱ፣ ክንዳቸውን ዘርግተው ወደ አንድ ግንድ እያዩ አንቀሳቀሱት፤ አንዱን ሌንስ ቀጥሎም ሌላውን። ጥርጣሬ አልነበራቸውም፣ ግን ሳያዩ አይናገሩም። ከዚያ ዞር ብለው አንዴ አዩኝ። አፌን ከፍቼ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ልናገር ነበር። በጣታቸው ብቻ፣ ማንም ሳያይ፣ ተይ አሉኝ።

«ዺፈማ» አሉ ጮክ ብለው፣ ይቅርታ ማለት ነው፤ ቀጥለው በኦሮምኛም በአማርኛም ደጋገሙት። «እኔ መነጽር ሠሪው ኢተፋ ነኝ። ይህንን መነጽር አበላሽቶ የሰጠው የእኔ ሱቅ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሌላ ማንም ላይ እንዳትፈርዱ።»

ሰይድ ተንፈስ አለ። «ለአቧራ ብዬ ነው ያዘዝኳቸው» አለ ቶሎ ብሎ። ሰዉም አመነው። አንድ ሰው ጋሼን በደረታቸው ገፈተራቸው፤ ባለ ከዘራው ሽማግሌ ያዙት እንጂ ይመታቸው ነበር። እሳቸው እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ሰይድ ዛሬ መሪ እንዳይነካ፣ ከመቱ ሌላ ሾፌር እንዲመጣ ለረዳቱ ነገሩት። ሌላ ሾፌር እስኪመጣም አብረው ቆመው ስድቡን ሁሉ ሰሙ።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ «ለምን?» አልኳቸው፤ እያለቀስኩ ነበር።

«ሐሙስ ፈተና አለሽ» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ያንቺ ስም ገና ቡቃያ ነው፤ አሁን ከተረገጠ አይነሳም። የእኔ ሥር ሰዷል። ይረግጡታል፣ ይነሳል» አሉ።

አልተነሳም። በሳምንቱ ወሬው መቱን ዞሮ ጨረሰ፣ ኖፓ ወረዳም ደረሰ። የታዘዙ መነጽሮች መሳቢያ ውስጥ ቀሩ፤ ባለቤቶቻቸው አልመጡም። ልብስ ሰፊው እንኳ ደንበኛ እንዳይሸሽበት ብሎ ነው መሰል ወንበሩን ወደ ሌላው በር አዞረ። እሳቸው ግን ጠዋት ጠዋት ሱቁን ከፍተው ባንኮኒውን ይጠርጉ ነበር።

እኔ በዚያው ሳምንት ሐሙስ ሄጄ ተፈተንኩ። ከፈታኞቹ አንዱ የእኛው የኢሉባቦር ሰው ኖሯል። ማመልከቻዬን እያየ «ይሄ የሠራሽበት ሱቅ ሰሞኑን የሚወራለት ነው አይደል? የዚያ ሰውዬ?» አለኝ። ሌሎቹም ቀና አሉ። «እሳቸው ጋ የሠራሁት ትንሽ ጊዜ ብቻ ነው» አልኩ። ይህን ሳልጠየቅ ጨምሬ «የሥራ አሠራራቸው የድሮ ነው» አልኩ። ሰውየው ራሱን ነቀነቀና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። ሥራውን አገኘሁ። እሳቸው ዝም በይ ያሉኝ እውነት ነው፣ በዚህ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። ይህችን ግን እሳቸው በይ አላሉኝም።

ማለፌን በስልክ ስነግራቸው የተደሰቱበትን ድምፅ አሁንም እሰማዋለሁ። «በይ እንግዲህ፣ አሁን ስምሽ ተጠራ» አሉኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለበዓል ስመጣ ሱቁ ተዘግቶ በሩ ላይ ሰው ሽንኩርት ይሸጣል። ጋሼ ትንሽ ቦርሳ አንግተው በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ የተማሪ መነጽር ብሎን ያጠብቃሉ አሉኝ። ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ወንበር ሰጥተውኝ ወደ ጓዳ ገቡ። «ጋሼ፣ ስለዚያ ቀን…» ብዬ ስጀምር «ማይክሮስኮፖችሽ እንዴት ናቸው? ሻጋታ ሌንሱን አልበላውም?» አሉ። ሁለተኛም ሞከርኩ፤ አሁንም ስለ ሻጋታ ጠየቁኝ። ደስ አለኝ ብል ትጠሉኛላችሁ፤ ግን ደስ ብሎኛል። ተገላገልኩ ብዬ ሄድኩ።

እንግዲህ ከሞታቸው በኋላ መቱ የደረስኩት በሠልስቱ ዕለት ነው። ድንኳኑ ግቢው ውስጥ ተተክሏል፣ ቀብር የመጣው ሰው ግን ብዙ አልነበረም አሉ። በቀጥታ እትዬ ዘነበች ወደተቀመጡበት ክፍል ገባሁ፣ አቀፉኝ፣ አለቀስን። ከዚያ ሌሎቹ ሴቶች እየሰሙ መሆኑን ሳላስብ «እትዬ፣ የሰይድን መነጽር የሠራሁት እኔ ነኝ። ቀኙን ከግራ ያዛወርኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ፊታቸው ላይ ምንም አዲስ ነገር አልነበረም።

«የዚያኑ ቀን ነግሮኛል» አሉ። «ዘጠኝ ዓመት ጠበቅሁሽ።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

«እኔን ምን አድርገሽኛል? እኔማ ባሌን አውቀዋለሁ።» በጣታቸው ወደ ድንኳኑ አመለከቱ። «ለእነሱ ንገሪያቸው። እሱን ሳይሰላሙት ያለፉት እነሱ ናቸው።»

ተነስቼ ወጣሁ። ድንኳኑ ውስጥ ሠላሳ የሚሆኑ ወንዶች ተቀምጠዋል፤ ልብስ ሰፊው አለ፣ ተራ አስከባሪው አለ፣ ከኋላ ጥግ ላይ ሰይድ ሾፌር አለ፤ ጢሙ ሸብቷል። አሁን መነጽር በግላጭ ያደርጋል፤ ጅማ ድረስ ሄዶ ያሠራው እንደሆነ ይናገራል ብለውኝ ነበር። ሴት ልጅ መሐል ድንኳን ስትቆም ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ሙሾ የማወርድ መስሏቸዋል።

እንዴት እንደጀመርኩ አላስታውስም። ማን እንደሆንኩ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ተናገርኩ። መነጽሩን እኔ እንደሠራሁት፣ ሳንቃውን ሳይሻገር እኔ እንደሸኘሁት፣ ያዞረኛል ሲለኝ ይለመዳል እንዳልኩት፣ ጋሼ ኢተፋ ያንን መነጽር በእጃቸው የነኩት ድልድዩ ላይ እንደነበር ተናገርኩ። ለፈታኞቹ ያልኩትንም አልተውኩም። በአማርኛ ጨርሼ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ደገምኩት፣ የሚገባው ሁሉ እንዲገባው። የሰይድን ምሥጢር ግን አልነካሁም፤ የእሱ ነው። ስጨርስ ልብስ ሰፊው መሬት መሬት ያያል። አንዱ «ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» አለኝ።

ከኋላ ወንበር ተንቋቋ። ሰይድ ተነስቶ ቆሟል።

«ልጅቷ ጨርሳለች፣ አሁን እኔን ስሙኝ» አለ። መነጽሩን አውልቆ በእጁ ያዘ፤ ያለ እሱ ሰዉ እንደማይታየው ያስታውቃል፣ የሚናገረው ወደ ድንኳኑ ሸራ ነበር። «ለአቧራ ያልኳችሁ ውሸት ነው። ያኔም ዓይኔ አያይም ነበር። ይሄ ደግሞ የጅማ አይደለም። ከዚያ ነገር በኋላ በሳምንቱ ኢተፋ ቤቴ ድረስ ይዞልኝ መጣ፣ ግቢዬ ውስጥ እያመላለሰ እግሬን አየ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እናንተንም ልጆቻችሁንም ዳሪሙ ያመላለስኳችሁ በዚህ ነው።»